ቅርስን ከአገልግሎቱ ስላለመለየት

ለቅዱስ አገልግሎት የተሠራ ዕቃ በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው መንገድ፣ ጠባቂና መዝጋቢ አጥቶ፣ ዝናብና ምስጥ፣ የጧፍ ጢስና የሌባ እጅ ሲፈራረቁበት ቈይቶ አንድ ቀን ከነበረበት ቦታ ታጥቶ ሲቀር ነው፤ ሁለተኛው መንገድ ደግሞ፣ ከሌባም ከምስጥም ተጠብቆ፣ ቍጥር ተለጥፎበት በመስተዋት ሣጥን ውስጥ እየኖረ፣ ለምን እንደ ተሠራና ማን በፊቱ ቆሞ እንዳለቀሰ የሚያውቅ ሰው ሲያጣ ነው። የመጀመሪያውን ማንም ሰው ጥፋት መሆኑን ሳይከራከር ይቀበላል፤ ሁለተኛውን ግን ብዙዎቻችን ጥበቃ እንለዋለን። እኔ ሁለተኛውም ጥፋት ነው እላለሁ፤ ለዚህም አሳቤ ምስክር አድርጌ የማቀርበው፣ በደቡብ ምሥራቅ እስፓንያ በሙርሲያ ከተማ የሚገኘውን፣ በስፋቱ አነስተኛ፣ በይዞታው ግን ታላቅ የሆነውን የፍራንሲስኮ ሳልሲዮን ቤተ መዘክር ነው።

ሳልሲዮ እ.ኤ.አ. በ1707 በሙርሲያ ተወልዶ በ1783 በዚያችው ከተማ ዐረፈ፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። አባቱ ኒኮላስ፣ ከናፖሊ መንግሥት ተነሥቶ ወደ እስፓንያ የተሻገረ እንጨት ቀራጺ ነበር። ልጁ በወጣትነቱ የምንኵስናን ሕይወት መርጦ በዶሚኒካውያን ገዳም በአመክሮ ላይ ሳለ፣ በ1727 አባቱ ስለ ሞተ፣ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ እናቱንና ታናናሾቹን ለማሳደር ከገዳም ወደ አባቱ የሥራ ቤት እንደ ተመለሰ ይነገራል። ወንድሞቹ ሆሴና ፓትሪሲዮ፣ እኅቱም ኢኔስ፣ እንጨቱን በመጥረብና ቀለሙን በመቀባት ይራዱት ነበርና፣ ዛሬ በአንድ ሰው ስም የሚጠራው ሥራ በእውነቱ የአንድ ቤተ ሰብ ግብረ እድ ነው።

የኖረበትም ዘመን ባሮክ የሚባለው የኪነ ጥበብ ስልት በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የሠለጠነበት ዘመን ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ፕሮቴስታንቶች በምስሎች ላይ ያነሡባትን ክርክር ለመመለስ በትሬንት ባደረገችው ጉባኤ፣ በ1563 በደነገገችው ሥርዓት፣ ለቅዱሳን ምስሎች የሚሰጠው ክብር ምስሉ ለሚያመለክተው አካል የሚያልፍ መሆኑን፣ ምስሎችም መጽሐፍ ለማያነበው ሕዝብ ትምህርት መሆናቸውን አጽንታለች። ከዚያ ወዲህ በእስፓንያና በኢጣልያ የተነሡት ቀራጽያን፣ ምእመኑ ሕማማተ ክርስቶስን ሰምቶ ከሚያዝን ይልቅ አይቶ እንዲያለቅስ፣ እንጨቱን ሥጋ፣ ቀለሙን ደም እስኪያስመስሉ ድረስ ተጠበቡ። ሳልሲዮ ከእነዚህ ቀራጽያን በዘመን ከመጨረሻዎቹ፣ በጥበብ ግን ከቀዳሚዎቹ መካከል የሚቈጠር ነው።

ቤተ መዘክሩ በ1941 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከቤተ ኢየሱስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቤተ ኢየሱስም በ1600 የተቋቋመው የናዝራዊው ኢየሱስ ማኅበር ቤተ ጸሎት ነው። የአገራችንን ክብ ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ሰው የዚህ ቤት አሠራር ብዙ እንግዳ አይሆንበትም፤ መካከሉ ክብ ሆኖ በዙሪያው ጓዳ ጓዳ የመሰሉ ትንንሽ ቤተ ጸሎቶች የተከፈቱበት፣ ግድግዳውም ያልነበረውን ዓምድና ቅስት እንዳለ አድርጎ በሚያሳይ ሥዕል የተሸፈነ ነው። በየጓዳው ውስጥ፣ በትከሻ በሚወጣ ታላቅ ወሳንሳ ላይ የቆሙ የሕማማት ምስሎች ይታያሉ፤ የጸሎተ ሐሙስ ራት፣ የጌቴሴማኒ ጸሎት፣ የይሁዳ መሳም፣ ግርፋቱ፣ በመስቀል ሥር መውደቁ፣ ፊቱን በመሐረብ የጠረገችው ቬሮኒካ፣ ወንጌላዊው ዮሐንስ፣ በኀዘን የተመታችው እመቤታችን። እነዚህ ስምንቱ የሳልሲዮ እጅ ሥራዎች ሲሆኑ፣ ዘጠነኛው፣ የማኅበሩ ባለቤት የሆነው የመስቀል ተሸካሚው ናዝራዊ ምስል፣ ከእርሱ መወለድ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ የተቀረጸ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጎብኚን ለረጅም ጊዜ የሚያቆመው፣ በ1754 የተሠራው የጌቴሴማኒ ጸሎት ነው። ጌታ ጕልበቱ ዝሎ፣ ፊቱ ገርጥቶ ወደ ኋላ ሲያዘነብል፣ መልአኩ በአንድ ክንዱ ደግፎ ይዞ በሌላው እጁ ጽዋዐ ሞቱን ያመለክተዋል፤ የሚያጽናናው ክንድና መከራውን የሚያሳየው ክንድ የአንዱ መልአክ ናቸውና፣ ሊቃውንት በብዙ ገጽ የሚተረጕሙት የፈቃደ እግዚአብሔር ምሥጢር በሁለት ክንዶች ብቻ ተገልጿል። የመልአኩም ውበት የወንድም የሴትም ስላልሆነ፣ የሙርሲያ ሰዎች ሳልሲዮ በቤቱ ያሳደረው አንድ ድኻ እንግዳ ንድፉን በሌሊት ሥሎ ትቶለት እንደ ተሰወረ ይተርካሉ። ከታች ሦስቱ ሐዋርያት ተኝተዋል፤ ጴጥሮስ ግን እንቅልፍ ጥሎት እንኳ እጁ ከሰይፉ አልተለየም። ተመልካች ዘወር ብሎ በ1763 ወደ ተቀረጸው ወደ ይሁዳ መሳም ሲሻገር፣ ያው ጴጥሮስ ተነሥቶ ሰይፉን በወደቀው በማልኮስ ላይ አንሥቶ ያገኘዋል። ዘጠኝ ዓመት በሚለያያቸው በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለውን የሐዋርያውን ጠባይ አንዱ እጁ ሲያስረዳ ማየት፣ ቀራጺው ወንጌሉን እንዴት አድርጎ ያነብበው እንደ ነበር ያሳያል።

ይህ ሁሉ እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅም የሚገባ ነው። በእስፓንያ ሥርዓት እንጨቱ እንዳይሰነጠቅና ሸክሙ እንዲቀል ከውስጡ ይፈለፈላል፤ ሳንቃዎቹ በሙጫ ይጋጠማሉ፤ ብዙ ጊዜም ፊቱ እንደ ጭንብል ተነሥቶ ከውስጥ በኩል የመስተዋት ዐይን ከተተከለለት በኋላ ዳግመኛ በቦታው ይገጠማል። ከዚህ በኋላ በሙጫ የተለወሰ ጄሶ በየድርቡ ይቀባና እስኪልም ይታሻል፤ ልብስ በሚሆነው ክፍል ላይ ቀይ ሸክላ አፈር ይለቀለቃል፤ በዚያም ላይ እጅግ የሳሳ የወርቅ ገጽ ይለጠፍና በለሰለሰ ደንጊያ ይወለወላል፤ በወርቁ ላይ ቀለም ከተቀባ በኋላ፣ በሹል እንጨት ቀለሙ በሐረግና በአበባ መልክ እየተፋቀ ወርቁ ከሥር ይወጣል። የሥጋው ቀለም በመጨረሻ በዘይት ቅብ ይሠራል። የእመቤታችን ምስል ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ ለዐይን የሚታዩት እንደ ፊትና እጅ ያሉት ብቻ ተቀርጸው፣ የቀረው አካል የእንጨት አቋም ሆኖ በእውነተኛ ልብስ ይሸፈናል። የአገራችንን የገበታ ሥዕል አሠራር የሚያውቅ ሰው ከዚህ ውስጥ የሚያውቀው ነገር አያጣም፤ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ፣ እንደ ፍሬ ጽዮን ያሉት ሠዓልያን እንጨቱን ጠርበው በጄሶና በሙጫ አልብሰው ነበርና የእመቤታችንን ሥዕል የሚሥሉት።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ተገቢ የሆነ ጥያቄ ያነሣል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልን እንጂ ዙሪያውን የተቀረጸ ምስልን በአምልኮ ሥርዓቷ አልተቀበለችም፤ በላሊበላ በቤተ ጎልጎታ ከግድግዳው ሳይለዩ የተፈለፈሉት የቅዱሳን ምስሎችም ቢሆኑ በአገራችን ብርቅ ናቸው። እንግዲህ በዚህ ትምህርት ያደገ ሰው፣ ጕንጩ የሚያለቅስ፣ ጕልበቱ የተላጠ የእንጨት ክርስቶስ ፊት ሲቆም፣ ልቡ በሁለት ቢከፈል አይደንቅም፤ ከምዕራባውያንም ወገን፣ ባሮክ ትያትር አበዛ፣ ስሜትን ከእምነት አስበለጠ ብለው የነቀፉ ጥቂቶች አይደሉም። እኔ ግን በሌላው ሥርዓት ውስጥ ያለውን ነገር ለመመዘን ያንን ሥርዓት ሳልቀበል፣ በራሱ ሚዛን ላስቀምጠው እወዳለሁ። ሥዕላችን ፊት ለፊት ቆሞ የሚያየንና ጸሎታችንን የሚቀበል ነው፤ የሙርሲያው ቅርጽ ደግሞ በመንገድ ላይ ከሕዝብ ጋር የሚሄድ፣ ከዚህ የተነሣም በአራቱም ማዕዘን እንዲታይ የተሠራ ነው። የአንዱን አገልግሎት ከሌላው ስንፈልግ ነው ሁለቱንም የምንበድላቸው።

ለዚህም ነገር ማስረጃው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በምዕራባውያን አቈጣጠር በስቅለት ዓርብ ጧት ይታያል። ዓመቱን ሙሉ በየጓዳቸው የቆዩት ምስሎች ያን ዕለት በማለዳ ከቤተ ኢየሱስ በር እየወጡ በከተማው ዑደት ያደርጋሉ። የማኅበሩ አባላት ሐምራዊ ልብስ ይለብሳሉ፤ ተሸካሚዎቹ ወሳንሳውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ በእጃቸው ጫፉ መንታ የሆነ ምርኵዝ ይይዛሉ፤ ዑደቱ ሲቆም ወሳንሳውን በዚያ ምርኵዝ ላይ አሳርፈው ትከሻቸውን ያሳርፋሉ። በሰው ጕልበት የማይያዙ ረጃጅም መለከቶች በመንኰራኵር ላይ ተጭነው ይነፋሉ፤ ከበሮውም በኀዘን ዜማ ይመታል። ይህ የሐዘን ዕለት ሆኖ ሳለ፣ ተሸካሚዎቹ እንደ ከረጢት ከተነፋው የልብሳቸው ደረት ከረሜላና የተቀቀለ ዕንቍላል እያወጡ በመንገድ ዳር ለቆመው ሕዝብ፣ ይልቁንም ለልጆች ይሰጣሉ። የጸሎተ ሐሙስ ራት የሚታይበት ወሳንሳ ደግሞ በእንጨት ምግብ አይወጣም፤ በሐዋርያቱ ፊት ባለው ማዕድ ላይ እውነተኛ ምግብና እውነተኛ ፍሬ ይደረደራል። በጌቴሴማኒውም ምስል ላይ እውነተኛ ዘንባባ ይቆማል።

ያን ጧት ነው የቀራጺው አሳብ የሚገለጠው። በጓዳው ውስጥ ዝም ብሎ የቆመው መልአክ፣ ተሸካሚዎቹ እርምጃቸውን አስተካክለው ሲራመዱ ክንፉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል፤ ማልኮስን ያስፈራራው የጴጥሮስ ሰይፍ በሕዝቡ ራስ ላይ ያልፋል፤ በጧት ፀሐይ የተወለወለው ወርቅ በመብራት ከሚታየው ሌላ ወርቅ ይሆናል። ሳልሲዮ ሥራውን የለካው ከታች ወደ ላይ በሚያይ ዐይን፣ በሚወዛወዝ ትከሻ፣ በሚለዋወጥ ብርሃን ነውና፣ ከቤተ መዘክሩ ውጪ ሳያየው ስለ ሥራው የሚፈርድ ሰው የቅኔን ሰም ሰምቶ ወርቁን ሳይሰማ እንደ ተነሣ ሰው ነው።

ሁሉም ዕቃ ግን በመንገድ ይዙር ማለቴ አይደለም። በዚሁ ቤተ መዘክር ውስጥ 556 ትንንሽ ምስሎች ያሉበት፣ የልደትን ታሪክ የሚያሳይ ታላቅ ሥራ አለ፤ ሔሱዋልዶ ሪኬልሜ የተባለ የሙርሲያ ባለጠጋ አዝዞት ሳልሲዮ ከ1776 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የደከመበት፣ ከእርሱም በኋላ ደቀ መዝሙሩ ሮኬ ሎፔስ የቀጠለው ነው። ቤተ ልሔም በሙርሲያ መስኖ መካከል የቆመች እስክትመስል ድረስ፣ እረኞቹና ገበሬዎቹ ሁሉ የአገሩን ልብስ ለብሰው የአገሩን ሥራ ይሠራሉ። ይህ ሥራ በአንድ ባለጠጋ ቤት ውስጥ፣ በቅርብ ተቀምጦ ለማየት የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ በመስተዋት ውስጥ መቀመጡ ከአገልግሎቱ ብዙ አያጐድልበትም። እንግዲህ የጥበቃ ሕግ ለሁሉ አንድ ሊሆን አይገባውም፤ አስቀድሞ ይህ ነገር ለምን ተሠራ ብሎ መጠየቅ ከሁሉ ይቀድማል።

ጠጋኞችና የቅርስ ሊቃውንት በዚህ ላይ ያላቸው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ጄሶና ወርቅ የለበሰ እንጨት እርጥበት ሲለዋወጥበት ያብጣል፣ ይኰማተራል፤ ቀለሙ ይላላል፤ በትከሻ ላይ ሲወዛወዝ መጋጠሚያው ይላቀቃል። በየዓመቱ መውጣቱ ዕድሜውን ይቀንሰዋል የሚለው ቃላቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሌላም እውነት አለ። በ1931 በግንቦት፣ በሙርሲያ የፍራንሲስካውያን ገዳም በእሳት ሲጋይ፣ ሳልሲዮ የቀረጻት የንጽሕት ድንግል ምስል ዐመድ ሆናለች፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በተነሣውም የእርስ በርስ ጦርነት በእስፓንያ ስፍር ቍጥር የሌለው ንዋየ ቅድሳት ጠፍቷል። እነዚህን ዕቃዎች ያጠፋቸው መውጣትና መግባት አልነበረም፤ ያጠፋቸው በሕዝቡ መካከል የተነሣው ጥላቻ ነው። ጥላቻንም የሚያበርደው ሕዝቡ ነገሩን የእኔ ነው ብሎ ማወቁ እንጂ የመስተዋቱ ውፍረት አይደለም። በልጅነቱ ከተሸካሚው እጅ ከረሜላ የተቀበለ፣ በጕልማሳነቱ ያንኑ ወሳንሳ የተሸከመ፣ በሽምግልናውም ልጁ ሲሸከም ያየ ሰው፣ ያ ምስል ሲነካ ዝም አይልም። ዝናብ ሲመጣ ዑደቱን መተው፣ ሲመለስ መመርመር፣ የላላውን በሠለጠነ እጅ መጠገን ይቻላል፤ የሕዝብን ፍቅር ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላ የሚጠግን ጠጋኝ የለም።

ነገሩን ወደ አገራችን ስናመጣው፣ እኛ በሁለቱም ጥፋት የተጎዳን መሆናችንን እናያለን። ሳልሲዮ መሮውን በያዘበት ዘመን፣ እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ባሠሩበት ዘመን፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን ጌታ የሚያሳየው፣ የአውሮፓ ሠዓሊ እጅ እንደ ሠራው የሚገመተው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል የነገሥታቱ መሐላና የዘመቻቸው ተስፋ ነበር። በ1744 በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በስናር ጦርነት ተማርኮ በቤዛ ተመለሰ፤ በ1868 ግን መቅደላ ስትወድቅ፣ ለብሪታንያ ቤተ መዘክር ዕቃ እንዲሰበስብ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ ወስዶት ከአገር ወጣ፤ በኋላም ተሽጦ በፖርቱጋል በግል ባለንብረት እጅ ገባ። የሕማማት ሥዕል ሆኖ በሕማማት ሳምንት የሚሰግድለት ሰው የለውም። በሌላው ወገን ደግሞ፣ የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 ከቤተ ክርስቲያኑ ተሰርቆ ለቤልጅግ አገር ዕቃ ሰብሳቢ ተሽጦ፣ በ2001 ሲመለስ በታላቅ ደስታ ተቀበልነው። አንዱ ከአገልግሎቱ ተለይቶ ደኅና ተቀምጧል፤ ሌላው በአገልግሎቱ ላይ ሳለ ጠባቂ ስላነሰው ተሰረቀ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሙርሲያዎች በብዙ ድካም የጠበቁትን ነገር፣ ማለት ዕቃውን ከአገልግሎቱ ጋር ማኖርን፣ ሳትማር የምታውቀው ነው፤ በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ የሚከተለው ጥንታዊ መስቀል፣ በቅዳሴ የሚገለጠው የብራና ወንጌል፣ በበዓል የሚመታው ከበሮ፣ ሁሉም በሥራ ላይ ናቸው። የጐደለን የመዝገቡና የጥገናው ሥርዓት ነው። በብዙ አድባራት የዕቃ ቤቱ ቍልፍ በአንድ አረጋዊ ካህን እጅ፣ የዕቃው ታሪክም በዚያው ካህን ልብ ብቻ ይኖራል፤ ካህኑ ሲያርፍ ቍልፉ ለሌላ ይተላለፋል፣ ታሪኩ ግን አብሮ ይቀበራል። ይህንን ጕድለት አይተው አንዳንድ ወገኖች መፍትሔው ሁሉን ሰብስቦ በከተማ ቤተ መዘክር ማኖር ነው ይላሉ። ያ ግን አንደኛውን ጥፋት በሁለተኛው መለወጥ ይሆናል።

ስለዚህ አሳቤን በሦስት ነገር እጠቀልለዋለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ደብርና ገዳም ያለውን ንዋየ ቅድሳት ከነፎቶግራፉ፣ ከነመጠኑና ከነታሪኩ በመዝገብ ያስፍር፤ የመዝገቡም ግልባጭ ከደብሩ ውጪ በሁለተኛ ቦታ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በየደብሩ ግቢ የሚሠራው ዕቃ ቤት ከእርጥበት፣ ከእሳትና ከሌባ የሚጠብቅ ሆኖ ይሠራ፤ የላላውን ቀለምና የተሰነጠቀውን ገበታ የሚጠግኑ ወጣቶች ከአብነት ተማሪዎች መካከል ተመርጠው ይሠልጥኑ፤ እንግዳ ሰው አዲስ ቀለም እየደፋ አሮጌውን ሥዕል እንዲያጠፋው አይፈቀድ። ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ጥበቃ ዕቃውን ከቅዳሴውና ከበዓሉ እንዲያስቀረው አይሁን፤ መውጣት የሚችለው በቀኑ ይውጣ፣ ዕድሜው የማይፈቅድለትም በዓሉ በሚከበርበት ቀን በሩ ተከፍቶ ምእመናን ይሳለሙት።

ይህንን ማድረግ ከብዙ ገንዘብ ይልቅ ብዙ ትጋት የሚጠይቅ ነው፤ የሙርሲያውም ማኅበር ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቆየው በገንዘቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን አባት ለልጁ ትከሻውን ስላወረሰ ነው። የቤተ ክህነት አባቶችና የቅርስ ባለሥልጣኖች በአንድ ገበታ ተቀምጠው በዚህ ነገር ይምከሩ፤ አንባቢዬም በሚቀጥለው ክብረ በዓል ወደ ደብሩ ሲሄድ፣ የደብሩ ዕቃ መዝገብ አለው ወይስ የለውም ብሎ የሰበካ ጉባኤውን በትሕትና ይጠይቅ፤ ከሌለውም ለመጻፍ እጁን ያበርክት።